በዘጠና አራት ጥንድ ጫማ ውስጥ ስላተምኩት የሌላ ሰው አድራሻ

ለክቡር የድረ ገጽ ስሞች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ሊፍትዎም ሳይቋረጥ የሚሠራ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ሊፍቱን የጠቀስኩት በክፋት አይደለም። ባለፉት ሰባት ወራት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ አሥራ አንድ ጊዜ ስመላለስ አሥራ አንዱንም ጊዜ «ለሠራተኞች ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ስላየሁት፣ ቢያንስ እርስዎን በደኅና እንደሚያወጣና እንደሚያወርድ ማሰቡ ደረጃውን ስወጣ አጽናንቶኛል ለማለት ያህል ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ጫማ ሰፊ ነኝ፤ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ የሚሸጠውን ጫማ ግን አልሰፋም። የእኔ ደንበኞች አንዱ እግራቸው ከሌላው የሚያጥር፣ ቁርጭምጭሚታቸው ወደ ውስጥ የዞረ፣ በአደጋ ጣቶቻቸውን ያጡ፣ በየሱቁ ዞረው «በእርስዎ ልክ የለንም» የሚለውን መልስ ሰምተው የጠገቡ ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዳቸው እግር በልኩ የእንጨት ፎርማ እቀርጻለሁ፤ ቆዳው የሚወጠረው በዚያ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በሠራሁባት ባለ አንድ በር ክፍል ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ በተሠሩ መደርደሪያዎች ላይ ከሦስት መቶ ጥንድ በላይ ፎርማ አለ። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥርና ልክ ተጽፎበታል፤ ስምና ስልክ ግን የለም። እግራቸውን ካየሁ አውቃቸዋለሁ፤ ስማቸውን ብዙ ጊዜ እረሳለሁ። እነሱም ቀጠሮ አይዙም። ጫማው ሲያልቅ፣ በዓመትም ይሁን በሁለት ዓመት፣ ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ተሳፍረው በሬ ላይ ይደርሳሉ።

ይህ አሠራር ደካማ መሆኑ የገባኝ የመንገድ ማስፋፊያ ሲመጣብኝ ነው። በያዝነው ወር በሠላሳኛው ቀን መንገዳችን ግራና ቀኙ ይፈርሳል። እኔ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ክፍል አግኝቻለሁ። ደንበኞቼ ግን ይህን አያውቁም። ለእነሱ ደግሞ «ዞር ዞር ብላችሁ ጠይቁ» ማለት ለሌላ ሰው እንደማለት አይደለም፤ አንድ መታጠፊያ መሳሳት ለእነሱ የአንድ ቀን ሕመም ነው። በእኔና በጽሕፈት ቤትዎ መካከል ያለው ጉዳይ በሙሉ ይኸው ነው፤ የቀረው ወረቀት ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ በራሴ ላይ ነው፤ ከእኔ ብጀምር ሌላውን በድፍረት ለመናገር ይመቸኛል። የሠራሁትን ጫማ ሁሉ ምላሱ ሥር፣ ገበሩ ላይ፣ በጋለ የነሐስ ማኅተም ስሜን አትምበታለሁ። ባለፈው ዓመት ማኅተሙ አርጅቶ ፊደሉ መደብዘዝ ሲጀምር ለማኅተም ቀራጩ ወሰድኩለት። እሱም ዘንድሮ ሰው ስሙን ብቻ እንደማያስቀርጽ፣ ከስሙ ኋላ ነጥብ ተደርጎ ጥቂት ፊደላት ሲጨመሩበት የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሆን መከረኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ስሜ እስከሆነ ድረስ አድራሻውም አብሮኝ የተወለደ መስሎኝ ነበር። ነጥቧንም ፊደላቱንም አስቀረጽኩና በአዲሱ ማኅተም ዘጠና አራት ጥንድ ጫማ አትሜ አስረከብኩ። ማስመዝገብ የሚባል ነገር እንዳለ አልሰማሁም፤ የነገረኝም የለም። አባቴ ስም ሲያወጣልኝ ለጽሕፈት ቤትዎ አለማሳወቁ ትልቅ ጥፋት መሆኑን አሁን ተረድቻለሁ፤ እሱ በሕይወት ስለሌለ ይቅርታውን እኔ እጠይቃለሁ።

ስሕተቴን ያየልኝ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ከዚያች ጠባብ ሱቁ ሾልኮ ወደ እኔ ይመጣና ከፎርማዎቹ ሥር በርጩማ ስቦ ሻይ እየጠጣ ዓለምን ሲተች ይውላል። በአንዱ ሰኞ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ሊወስደው የነበረ አንድ ያለቀ ጫማ አንሥቶ ማኅተሙን አነበበና «ጋሼ፣ ይሄን አድራሻ መቼ ገዛኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። የገዛ ስሜን ከማን እንደምገዛው ብጠይቀው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፈተሸና፣ አድራሻውን ገና ማንም እንዳልያዘው፣ ወደ እናንተ ሄጄ ባስመዘግበው ጉዳዩ በአንድ ቀን እንደሚያልቅ ነገረኝ። ማክሰኞ ሥራ ስለነበረብኝ ረቡዕ ሄድኩ። ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ወይዘሪት ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችና፣ መርዶ እንደምታረዳ ሰው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ትናንት ተይዟል» አለችኝ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የምስጢር ጉዳይ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ያልፈለገውን ስሜን በአንድ ማክሰኞ ቀን አንድ ሰው ከመሬት ተነሥቶ ፈለገው። ማን እንደሆነ ብጠይቅ፣ የባለቤቱ ማንነት በጥብቅ የሚጠበቅ መሆኑን የሚገልጽ፣ ግራና ቀኙ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በትሕትና ተሰጠኝ። ክቡር ሆይ፣ ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። የስሜን ባለቤት ከእኔ መጠበቅን የሚያህል ከባድ ኃላፊነት ለማንም መሥሪያ ቤት ተሰጥቶ አያውቅም። ሆኖም ምስጢር ባዶ ቦታ ትቶ የመሄድ ጠባይ አለው፤ እንደ እኔ ያለ ተጠራጣሪ ደግሞ ባዶ ቦታ አይቶ አያልፍም፣ የሆነ ሰው ያስቀምጥበታል።

መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ከመንገዱ ማዶ ጫማ የሚሸጠውን ሰውዬ ነው። ሁልጊዜ ሠርግ የተጠራ ይመስል ስለሚለብስ ሰፈሩ «ሽክ» ይለዋል። በዚያ ሳምንት በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሰላም አለኝ፤ ከዚያ በፊት በወር አንዴ ቢለኝ ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? በሬን ገርበብ አድርጌ፣ ወስፌዬን እንደያዝኩ፣ አራት ቀን ሙሉ ሲገባ ሲወጣ ተከታተልኩት። የሠራሁት ስፌት ሁሉ በዚያ ሳምንት ጠማማ ነበር። በአምስተኛው ቀን ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣና የማፍረሻው ደብዳቤ ለእኔም ደርሶኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለካስ ሰውዬው ጨንቆት ኖሯል ሰላም የሚለኝ። አፍሬ ከመጠርጠር የምመለስ መስሎኝ ነበር። አልተመለስኩም፣ አቅጣጫ ብቻ ቀየርኩ። ማኅተም ቀራጩን ጠረጠርኩ፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ስለሚያውቃቸው። የበር ጥበቃዎን ጠረጠርኩ፤ መታወቂያዬን ከሚገባው በላይ አገላብጦ ስላየው። ይባስ ብሎ የሦስተኛዋን መስኮት ወይዘሪት ጠረጠርኩ፤ በጣም ስላዘነችልኝ። እነዚህን ሁሉ በየተራ ካሰናበትኩ በኋላ አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ። ሰኞ ዕለት አድራሻው ነጻ መሆኑን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ይህን ክፉ ሐሳብ ከራሴ ላራግፍ ስታገል ጽሕፈት ቤትዎ ደርሶ ረዳኝ፤ ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለዚሁ እርዳታ ነው። ማመልከቻ ባስገባሁ በሁለተኛው ወር የጻፋችሁልኝን ደብዳቤ በፍሬም አድርጌ ከማስቲሽ ጣሳዎቹ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «የአድራሻው ባለቤት እርስዎን በሚመለከት መልእክት ያደረሱን ሲሆን፣ መልእክቱ የላኪውን ማንነት ሊያስገምት የሚችል ሐሳብ የያዘ በመሆኑ ይዘቱን ልንገልጽልዎ እንደማንችል በአክብሮት እናስታውቃለን።» ክቡር ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር የደረሰው ሰው ተራ ጸሐፊ አይደለም፤ ደረጃው ከፍ ይደረግለት። አንድን ተጠራጣሪ ሰው ለማሳበድ ከዚህ የተሻለ ቃል ሊመረጥ አይችልም። «እርስዎን በሚመለከት» ስለሚል ያውቀኛል ማለት ነው። «ሊያስገምት» ስለሚል ደግሞ እኔም አውቀዋለሁ ማለት ነው፤ የማላውቀውን ሰው እንዴት እገምተዋለሁ? ደብዳቤውን እያነበብኩ ቆዳ አበላሸሁ፣ ግራውን ለቀኝ ቆረጥኩ፣ ልክ ሲወሰድለት ቁጭ ያለውን ደንበኛ ረስቼ ወጥቼ ሄድኩ።

ደብዳቤው በደረሰኝ በሦስተኛው እሑድ አማቴ ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። አፌ አመለጠኝ ብል ውሸት ነው፤ ሁለት ሳምንት ያሰናዳሁት ንግግር ነበር። የባለቤቴን ወንድም በእናቱ ፊት፣ ገና አንድ ሁለት ከመጉረሱ፣ ስሜን ሰርቆ በእኔው ላይ ሊነግድ መሆኑን እንደደረስኩበት ነገርኩት። ማስረጃዬንም በጣቴ እየቆጠርኩ ዘረዘርኩ። እሱ ሊከራከረኝ አልሞከረም። «እማዬ፣ ጠገብኩ» ብሎ ተነሣ። አማቴ እምብዛም ያልተነካውን ሳህን አንሥተው ወደ ማድ ቤት ገቡና ቡናው እስኪፈላ ብለው ሳይወጡ ቀሩ። ባለቤቴ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ከእኔ ራቅ ብላ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። እኔ ግን፣ አፈር ልብላና፣ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጥሬው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ በርጩማዋ ላይ የሚቀመጥ የለም።

አራተኛውን ቅሬታዬን ባለቤቴ አንብባ ሰርዛዋለች። የጽሕፈት ቤትዎን እናትና አባት የሚያነሣ ክፍል ስለነበረበት ሳይሆን አይቀርም።

አምስተኛው ረጅም ነው፤ ወንበርዎን ያመቻቹ። ባለፈው ወር መጀመሪያ አንዲት ደንበኛዬ ከሩቅ ከተማ መጡ። መምህርት ናቸው፤ ግራ እግራቸው ከቀኙ በአራት ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ሶል ሊያስቀይሩ ነበር የመጡት። እኒህ ሴት ሲመጡ ሥራ አይሠራም። ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ፤ ከማስቲሹ ሥር ያነጠፍኩትን አሮጌ ጋዜጣ ሳይቀር አዙረው አንብበው ይነግሩኛል። የዚያን ዕለት ግን መሬት መሬት እያዩ ገቡ። ደኅንነታቸውን ብጠይቅ በአንድ ቃል መለሱልኝ፤ ዓይኔን አላዩም። እንግዲህ ልማዴ ነውና ጠረጠርኩ፤ ጫማው ጎድቷቸው ሊናገሩኝ ፈርተዋል አልኩ። አሮጌ ጫማቸውን አድርገው፣ ከሰዓት በኋላ እንደሚመለሱ ነግረውኝ፣ ወጡ።

ሶሉን ላላቅቅ ስል ጫማው ቅርጹን እንዳያጣ አፍንጫው ላይ የተጎሰጎሰውን ወረቀት መዝዤ አወጣሁ። ከቁርጥራጭ ቆዳው ጋር ልጥለው ስል ግራና ቀኙ የማውቀው ማኅተም ታየኝ። ዘርግቼ በጉልበቴ ላይ አስተካከልኩት። ከላይ የእኔው መዝገብ ቁጥር ተጽፎበታል፤ የተጻፈው ግን ለእኔ አይደለም። «ለአድራሻው ባለቤት» ይልና እንዲህ ይቀጥላል፦ «አድራሻውን ለጫማ ሰፊው ያለ አንዳች ክፍያ ለማስተላለፍ ያቀረቡት ጥያቄ ደርሶናል። ሆኖም በመመሪያችን አንቀጽ ዐሥራ አራት መሠረት ባለቤቱን ከጫና፣ ጠያቂውን ከማጭበርበር ለመጠበቅ ሲባል፣ ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ሁለቱ ወገኖች በማናቸውም መንገድ በቀጥታ እንዳይገናኙ፣ አድራሻውም ሥራ ላይ እንዳይውል እናሳስባለን።» ቀኑን አየሁት። እኔን ያሳበደኝ ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጋር አንድ ነው። ፊርማውም አንድ ነው።

መምህርቷ ሲመለሱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አገኙት፤ ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻሉም። በዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጫማቸውን ተረክበው አውቶቡስ ውስጥ ገበሩን ሲያነቡ፣ አዎ፣ ጠዋት የባለቤቴ ወንድም አንሥቶ ያነበበውን ያንኑ ጫማ፣ አድራሻውን ስልካቸው ላይ ይጽፉታል። ስልኩ «ይህ አድራሻ ባለቤት የለውም» ይላቸዋል። ደነገጡ። አንድ አጭበርባሪ ቢይዘው የእኚህ ሰውዬ ደንበኞች የት ይገባሉ ብለው ማክሰኞ ጠዋት በራሳቸው ስም አስመዘገቡት፤ በዚያው ሳምንት ለእኔ እንድታስተላልፉት ጻፉላችሁ። እናንተም አንቀጽ ዐሥራ አራትን ላካችሁላቸው። ሴትዮዋ አስተማሪ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ለተማሪ «መመሪያውን አንብብ» ሲሉ ኖረዋል። አነበቡ፣ አከበሩም። አራት ወር ሙሉ ስልክ ቁጥሬ እጃቸው ላይ እያለ ሳይደውሉልኝ፣ ሰፈሬ ላይ ሲያልፉ ከአውቶቡስ ሳይወርዱ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ይዘው እንደተሸሸጉ ሁሉ ሲሳቀቁ ከረሙ። ወረቀቱን ሆን ብለው ጎስጉሰውት እንደሆነ ብጠይቃቸው ያገኙትን ወረቀት እንደከተቱ ነገሩኝ። እስካሁን አላመንኳቸውም፤ ከጥርጣሬዎቼ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በዚያ ሕንጻ ውስጥ፣ ምናልባትም በአንድ መሳቢያ፣ ሁለት ደብዳቤዎች ለወራት ጎን ለጎን ተኝተዋል። አንዱ «ስጡኝ» ይላል፣ ሌላው «ስጡት» ይላል። ጽሕፈት ቤትዎ በመካከላቸው ቆሞ አንዱን ከሌላው ሲጠብቅ ከረመ። ይህን ለፈጸሙ ሠራተኞችዎ ሁሉ፣ በተለይም ለሁለታችን የተላኩትን ሁለቱን መልሶች በአንድ ቀን በአንድ እስክርቢቶ ለፈረሙት፣ ምስጋናዬ ይድረሳቸው፤ እጃቸው አይዛል።

ሱቄን ዘግቼ በቀጥታ ወደ ባለቤቴ ወንድም ሱቅ ሄድኩ። ሆዱ የተከፈተ ስልክ ላይ አጎንብሶ በትንሿ ካቻቪቴ አንድ ነገር ይፈታ ነበር። ባንኮኒው ጋ ቆምኩ። ጥላዬን ሲያይ ቀና ሳይል «ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?» አለኝ። ማን እንደሆንኩ አውቋል፤ እግሬን አይቷል። ባለቤቴን ሳገባ ገና ጥርሱን ያልለወጠ ልጅ ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከ«ጋሼ» ሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። ይቅርታ ጠየቅኩት። ያሰናዳሁት ንግግር አልነበረም። እሱም ካቻቪቴውን ሳያስቀምጥ ሰማኝና ስጨርስ «እሺ» አለ። ያ «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ ባለቤቴን ስጠይቃት እሱን ጠይቀው ትለኛለች። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፣ ክቡር ሆይ። ያንን ቃል በሰውዬው ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ እንጂ ጽሕፈት ቤትዎ አይደለም፤ ኀፍረቱም የእኔ ነው። ግን አንዲት መስመር፣ «ባለቤቱ ክፉ አላሰቡብዎትም» የምትል አንዲት መስመር ብትጽፉልኝ ኖሮ የማንም ምስጢር አይወጣም ነበር፤ እኔም ያንን ምሳ በሰላም እበላ ነበር።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ቅሬታዬ እንደ ተማርን ሰዎች ጉዳያችንን በግልጽ ለመጨረስ ስለሞከርንበት ቀን ነው። በማግስቱ ከመምህርቷ ጋር ሆነን፣ ሁለቱንም ደብዳቤዎች ይዘን፣ ደረጃውን በእሳቸው እግር ልክ ቀስ ብለን ወጥተን፣ ሦስተኛው መስኮት ፊት ቆምን። ወይዘሪቷ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየችና «አብሮ መምጣት አይቻልም እኮ!» አለች። የመጣነው አንዳችን ልንሰጥ አንዳችን ልንቀበል መሆኑን፣ ጠብም ክርክርም እንደሌለ ብናስረዳት ይበልጥ ደነገጠች። ፎርሙ ላይ «የተቃውሞ ምክንያት» የሚል ቦታ ነበር፤ ምንም ተቃውሞ እንደሌለን ብንነግራት ቦታው ባዶ ሆኖ እንደማይገባላት ገለጸችልን። በመጨረሻ መምህርቷ በሚያምር ጽሑፋቸው «ተቃውሞ የለም» ብለው ሞሉበት።

ከሳምንት በኋላ መልሱ ደረሰን፦ «ባለቤቱና ጠያቂው አንቀጽ ዐሥራ አራትን ተላልፈው የተገናኙ ከመሆናቸውም በላይ፣ ያለ አንዳች ጥቅም በዚህ ፍጥነት መስማማታቸው ጥርጣሬ የሚያሳድር ሆኖ በመገኘቱ፣ አድራሻው ለስድሳ የሥራ ቀናት ታግዶ እንዲጣራ በበላይ ኃላፊው ታዟል። እስከዚያው ሁለቱም ወገኖች ስሙን በማናቸውም ለሕዝብ በሚቀርብ ጽሑፍ ላይ ከመጠቀም እንዲቆጠቡ።» ክቡር ሆይ፣ እኔ ራሴን የሰፈሩ አንደኛ ተጠራጣሪ አድርጌ እቆጥር ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ግን ጀማሪ መሆኔን አመንኩ። እኔ ስጠረጥር የከረምኩት ክፉ ሠራ ያልኩትን ሰው ነው፤ ሰውን ደግ በመሥራቱ ለመጠርጠር እርስዎ የደረሱበት ደረጃ ላይ መድረስ አለብኝ።

ስድሳ የሥራ ቀን ማለት ሦስት ወር ነው። እኔ የቀረኝ አሥራ ሁለት ቀን ነው። ዛሬ ጫማው ውስጥ ያለውን አድራሻ ስልኩ ላይ የሚጽፍ ሰው የሚያገኘው «ይህ አድራሻ ሕጋዊነቱ እየተጣራ በመሆኑ በበላይ ኃላፊው ትእዛዝ ታግዷል» የሚል በቀይ የተጻፈ ማስታወቂያ ነው። ባለፈው ሐሙስ በክራንች የሚሄዱ አንድ አዛውንት ደንበኛዬ በሩን ከፍተው ሥራ ላይ ሲያገኙኝ እንደ መደንገጥ አሉ፤ ልጆቻቸው ማስታወቂያውን አንብበው «ጫማ ሰፊው ታስሯል» ብለዋቸው ኖሯል። እስር ቤቱን ጠይቀው ሊጎበኙኝ አስበው እግረ መንገዳቸውን ሱቁን ለማየት ነበር የመጡት። ቀልደው መስሏችሁ እንዳትስቁ፤ ብርቱካን ይዘውልኝ ነበር። ለእሳቸው አዲሱን ቦታ በእጄ ጽፌ ሰጠኋቸው። መምህርቷን ስቀንስ፣ ሌሎቹን ዘጠና ሁለቱን የት አገኛቸዋለሁ? ለግንባታው በተሠራው የቆርቆሮ አጥር ላይ አዲሱን አድራሻዬን ልለጥፍ ብሄድ አጥሩ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ የሚከለክል ማስታወቂያ ተለጥፎበት አገኘሁ። ያስፈራኛል። ሱቁ በፈረሰ ማግስት ከአውቶቡስ ወርዶ፣ በተበላ ታኮ እያነከሰ መጥቶ፣ የድንጋይ ክምር ፊት የሚቆመው ሰው ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ስሙን መልሱልኝ አልልም፤ በመምህርቷ እጅ ዕድሜ ልኩን ቢቀር ቅር አይለኝም። እኔ እንደ ተከሳሽ፣ እሳቸውም እንደ ግብረ አበር ይመርመሩ፤ ስድሳው ቀን ካልበቃ መቶ ይሁን። ከቀዩ ማስታወቂያ ሥር ግን አንዲት መስመር ይጨመርልኝ፦ «ጫማ ሰፊው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው»። ስሜ እንኳ አይጻፍ። ይህች መስመር የማንንም ማንነት ታስገምታለች ብለው ከሰጉ በአንቀጽ ዐሥራ አራት ላይ እጄን ጭኜ እምላለሁ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ከእኔ በቀር የሚኖረው አይጥ ብቻ ነው።

ውድ ጊዜዎን ሠውተው ይህን ረጅም ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ አንብበው ከሆነ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ካላነበቡትም ለማይነበብ ደብዳቤ የሚሰጠውን የመዝገብ ቁጥር በጉጉት እጠብቃለሁ። መሥሪያ ቤትዎ ሰውን ከሰው እየጠበቀ ለብዙ ዘመን ይኑር።

በመሥሪያ ቤትዎ ደጃፍ አሥራ አንድ ጊዜ በተሰለፈ ትሕትና፣ ማስቲሽ የነካውን እጄን ከሩቅ እያነሣሁ፣

የእርስዎ ታዛዥ፣
ስሙን ለሕዝብ በሚቀርብ ጽሑፍ ላይ ከመጠቀም እንዲቆጠብ በታዘዘው መሠረት የተቆጠበ ጫማ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ከደንበኞቼ አንዱ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ትልቅ ሥልጣን ያላቸው ሰው ናቸው። አንዱ ታኮ ከሌላው ከፍ ማለቱ ለማንም ዓይን እንዳይታይ አድርጌ ስሠራላቸው ስምንት ዓመት አለፈን፤ እንኳን ለሌላ ሰው ለባለቤቴም ማን እንደሆኑ ተንፍሼ አላውቅም፣ ወደፊትም አልተነፍስም። ይህን የማደርገው አንቀጽ አስገድዶኝ አይደለም፤ ካልሲያቸውን አውልቀው እግራቸውን ሲያሳዩኝ ስላመኑኝ ነው። ይህ ደብዳቤ እጃቸው እንደሚገባ ስለምጠረጥር ግን አንድ ነገር ላሳስባቸው። አሁን ያደረጉት ጫማ የግራው ሶል ከአንድ ወር በላይ አይሄድም። ያኔ ወደ እኔ ሲመጡ ሱቁን ፈርሶ ቢያገኙት፣ ፎርማቸው ደኅና ነው፣ ይዤው ሄጃለሁ፤ አይጨነቁ። ቢሯቸው ተመልሰው፣ በሩን ዘግተው፣ ጫማቸውን ያውልቁና ምላሱን ገለጥ አድርገው እዚያ የታተመውን አድራሻ ስልካቸው ላይ ይጻፉት። የሚያገኙትን ጽሑፍ ማን እንዳዘዘው ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም።